ጤነኛዬ ብዬ የወሰድኩሽ ቀን

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ይህን ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ሁሉ «እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ፣ አንቺም «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብለሽ ትመልሻለሽ፣ ከዚያ ሁለታችንም ቶሎ ወደ ወሬያችን እንሮጣለን። ዛሬ ግን መልሱን ስለምፈልገው ነው የጠየቅኩሽ። እንዴት ነሽ?

እኛ ቤት ሁሉ ደህና ነው። ልጄ ፈተናዋን ጨርሳ የቀረባትን እንቅልፍ እያካካሰች ነው፤ ስጠራት ከብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምትመልስልኝ። ባለቤቴ ያንኑ አውቶቡሱን ይነዳል። ወገቡን ያመዋል፤ ሐኪም ጋ ሂድ ሲሉት መኪናውን ጋራዥ ይወስዳል። ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሚሰጥሽ እሱ ነው። ለምን አልደወለችም ትዪ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ሳቅሽን ስሰማ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ የደወልኩበትን ጉዳይ ረስቼ ስለ ጎረቤቴ ድመት ሳወራ ካርዴ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ልታስቂኝ አትችዪም።

የምሥራቹን ላስቀድም፤ ደስታ ሆዴ ውስጥ ሲያድር እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ። ስለ ማስቲሹ ለሚደረገው ጥናት የሰጠሁት ደም ውጤት መጣ፤ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ማስቲሽ ስቀባ፣ ሶል ከቆዳ ሳጣብቅ ኖሬ፣ ደሜ ከዕድሜ እኩዮቼ ደም ብዙም አይለይም አሉኝ። ይህን ስሰማ ዶክተሯን አቅፌ ሳምኳት፤ መነጽሯ ወደቀ። ያቺን ቀጭኗን ዶክተር ታስታውሻታለሽ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ያያችሁ» እያለች የምትዞረዋን።

የእኔ እንዲህ ይሁን እንጂ የማጣበቂያ ክፍል ሴቶች ደም አንድ ላይ ሲታይ፣ ማስቲሽ ከማይነኩት ሴቶች ደም የበለጠ ስብራት ተገኝቶበታል። ፋብሪካውም ይህን ሲሰማ ደንግጦ አየር ማውጫ አስገባልን። ትልቅ ነው፤ ሲነሳ የራስ መሸፈኛችንን ነጥቆ ሊሄድ ይደርሳል። ያ አለቃችን፣ «የማስቲሽ ሽታ የሥራ ሽቶ ነው» ሲለን የኖረው፣ አሁን እኛ ክፍል የሚገባው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው። ሬዲዮ ብለን የምንጠራት ጓደኛዬ፣ እኔን ራሴን ዝምተኛ የምታስመስለኝ፣ «ምነው ጌታዬ፣ ሽቶው አልተስማማዎትም እንዴ» አለችው። እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ ሥራውን ትቶ ሳቀ።

ስብራት ያልኩሽ ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ያን ቀን ክንድሽን በጥጥ ይዘሽ ቸኩለሽ ስለወጣሽ አልሰማሽውም። ወይም ሰምተሽዋል፤ እንጃ። ደማችንን ወስደው ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ ያቆዩታል። ውስጡ ያሉት ሴሎች ለሁለት ሊከፈሉ ሲሉ ባሉበት ያስቆሟቸውና መስታወት ላይ ዘርግተው በማይክሮስኮፕ ያዩአቸዋል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ፣ የክር ቁራጭ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ ከእናት ከአባት የወረስነው ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ዶክተሯ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደም ፎቶ ኮምፒውተሯ ላይ አሳየችን። እታለም፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። የጫማ መደርደሪያ አይመስልሽም? «ይቺ ግራ ናት፣ ይቺ ቀኝ ናት፣ ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት» ብዬ ሳወራ ዶክተሯ ሳቀች፤ በኋላ እሷም ጫማዎቹ ትላቸው ጀመር።

እነዚህ ጫማዎች ይሰበራሉ። አንዱ ተረከዙ ይወድቃል፣ አንዱ መሀሉ ይቆረጣል። ማስቲሹም የሲጋራ ጭስም ይሰብራቸዋል፣ ዕድሜ ራሱ ይሰብራቸዋል። ሰውነት ብዙውን እየጠገነ ይኖራል። ስብራት የበዛባቸውን ሰዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው ግን ካንሰር የሚይዛቸው ከሌላው ሰው በዛ ብለው ተገኝተዋል፤ ለዚህ ነው የሚቆጥሩት። «ስብራት ተገኘ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም» እያለች ደጋግማ ነገረችን፤ «ጣሪያው የሳሳ ቤት ዝናብ ይፈራለታል እንጂ ዛሬ ረጥቧል አይባልም።» ከዚያ ሌላ ፎቶ አወጣች። እዚህኛው ላይ ሁለት የተሰበሩ ክሮሞሶሞች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። የአንዱ ጫማ አፍንጫ ከሌላው ጫማ አፍንጫ ጋር በማስቲሽ እንደተያያዘ ማለት ነው። እኔ እንኳ ልምምድ ላይ ሳለሁ እንዲህ አበላሽቼ አላውቅም። «እንዲህ ያለው ሲበዛ ካየን ከማስቲሽ ይልቅ ጨረር ነው የምንጠረጥረው» አለች። እኔም እኛን ጨረር የት ያገኘናል ብዬ ሰምቼ አለፍኩት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ደማችንን ከማን ጋር እንደሚያስተያዩ ታስታውሻለሽ። እያንዳንዷ ማስቲሽ ቀቢ በዕድሜ የምትቀራረባትን፣ ኬሚካል ያልነካች ሴት ይዛ መምጣት አለባት ተባለ። እነሱ ማነጻጸሪያ ምናምን ሲሉ ሬዲዮ ተነስታ «በአጭሩ ጤነኛሽን አምጪ ነው ነገሩ» አለችና ስሙ በዚያው ቀረ። ፋብሪካው ሁሉ «ጤነኛሽ መጣች ወይ»፣ «ጤነኛዬ መርፌ ፈርታ አመለጠችኝ» ሆነ። አንዷ ጎረቤቷን አመጣች። ሌላዋ የባሏን እህት አመጣች፤ መርፌ ሲሰካባት ቆማ ለማየት ነው ብለን ስቀንባታል። እኔ ግን «ከሁሉም ጤነኛ እኔ ጋ አለች» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ጉንፋን እንኳ ፈርቶ የሚሸሻት ታላቅ እህት አለችኝ፣ ለጥርሷ ብላ መጥታ እኔ ቤት ሰንብታለች፣ ያቺን አሳያችኋለሁ አልኩ።

አንቺ እምቢ አልሽ። «ጥርሴን አሳየሁ፣ ደሜን ደግሞ ለማን ነው የማሳየው» አልሽኝ። እኔም አኮረፍኩ። ታናሽ መሆን እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመኝ፤ ዕድሜዬ ይህን ያህል ሆኖም ሳኮርፍ አትችዪም። በማግስቱ መሐረብሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽ ተከተልሽኝ።

ያን ቀን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ደም ቀጂው ደም ሥርሽን ፈልጎ አጣ። ክንድሽን ገልብጦ አይቶ «በቅርቡ ብዙ ጊዜ ተወግተሻል እንዴ» ሲልሽ፣ «ጥርስ ሐኪሜ አፌን ሲስት ክንዴን ነው የሚያገኘው» አልሽውና ቤቱን በሳቅ ሞላሽው። ዶክተሯ ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ ስትልሽ «የሚጋብዘኝ አጥቼ» አልሽ። ኬሚካል ነክተሽ ታውቂያለሽ ስትልሽ «የእህቴን ወጥ ቀምሻለሁ» አልሽ። የጨረር ሕክምና ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ ስትልሽ ግን እሷን ትተሽ ወደ እኔ ዞረሽ አየሽኝ። ከዚያ «አይ» አልሽ። ያን ቀን ያለ ቀልድ የመለስሽው እሱን ብቻ ነው። ያኔ ልብ አላልኩም፤ በእህቴ ኩራት ተነፍቼ ነበር።

በሳምንቱ ጥርሴ አለቀልኝ ብለሽ ወደ ቤትሽ ሄድሽ። ገና ነው፣ ቆዪ ብዬ ለምኜሽ ነበር።

ውጤት በተነገረን ቀን፣ መነጽሯን ከወለል አንስቼ ከሰጠኋት በኋላ፣ ዶክተሯ ቆዪ አለችኝ። ሌሎቹ ወጡ። የእህትሽ ስልክ አልሠራ አለን አለችኝ። አየሁት፤ የሰጠሻቸው ያንን የተውሽውን አሮጌውን ቁጥር ነው። ረስታ ይሆናል ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ከሁለታችሁ ደም በአንዱ ላይ ያልጠበቅነው ነገር አይተናል፣ ብልቃጦቹ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላልና ያንቺን ደግሜ ልቅዳ» አለችኝ።

እታለም፣ አሁን ደህና ነሽ ተብዬ፣ አሁን ዶክተሯን ስሜ፣ አሁን ዘልዬ። ያ ንጹሑ ደም ያንቺ ነው፣ የተሰበረው የእኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ልበል። ማስቲሽ የምቀባው እኔ፣ በሽታ የማያውቅሽ አንቺ። ክንዴን ሰጥቼ ወጣሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ፣ ዝም ብዬ። ባለቤቴ «ምን ሆንሽ፣ ቤቱ ጭር አለ» እስኪለኝ ድረስ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር፤ እንኳንም እኔ ሆንኩ፣ እንኳንም እሷ አልሆነች እል ነበር።

ከዚያ ተጠራሁ። ሁለተኛውም ደሜ እንደ መጀመሪያው ነው፣ «ብልቃጥ አልተለዋወጠም፣ ያንቺ ያንቺው ነው» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። አንዴ እንደገና ልስማት ብድግ አልኩ። በቆምኩበት ነው የገባኝ። የእኔ የእኔ ከሆነ፣ ያንቺም ያንቺ ነው።

ተቀመጥኩ። ምን አያችሁባት አልኳት። «ስለ እህትሽ ደም ለእህትሽ እንጂ ለአንቺ መናገር አልችልም» አለች። ለመንኳት፤ አልቻልኩም አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እህትሽ የጨረር ሕክምና ወስዳ አታውቅም አይደል?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እህቴን አታውቂያትም፣ እሾህ ቢወጋት ለእኔ ነው የምትነግረኝ» አልኳት። ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠለቀች። ጥያቄውን በመጠየቋ የተጸጸተች መሰለኝ። ቶሎ ትደውልልኝ አለችኝ። ቶሎ የምትለውን ቃል ሁለቴ ተናገረችው።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ ያ ፎቶ ዓይኔ ላይ መጣ፤ አፍንጫና አፍንጫቸው የተጣበቁት ጫማዎች። ወራጅ ማለት ረስቼ ሰፈሬን አለፍኩ።

እኔ ቤት ሳለሽ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁት። የጥርስ ሐኪም በየቀኑ ይቀጥራል እንዴ? ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር የምታርፊው። አብሬሽ ልሂድ ስልሽ «ሥራሽን ጠብቂ፣ አፌን ስከፍት እንድታዪኝ አልፈልግም» ትዪኝ ነበር። ምግብ ሲቀርብልሽ በሾርባው ላይ ማንኪያ ታንሳፍፊ ነበር፤ ጥርሴ ነው ትያለሽ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረን እየታጠብን ጀርባችንን ስንተሻሽ ኖረን፣ ያን ጊዜ ግን የመታጠቢያውን በር ከውስጥ ቆለፍሽብኝ። ከተማ ሳትኖር ከተሜ ሆነችብኝ ብዬ ተቀይሜሽ ነበር፤ ለሬዲዮም አምቼሻለሁ። አንድ ቀን መሐረብሽ ሲወድቅ ከአንገትሽ ሥር ወደ ደረትሽ የሚወርድ ሐምራዊ መስመር አይቼ ምንድን ነው ስልሽ፣ ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ፈሶ ነው አልሽኝ። እኔም ስቄ አለፍኩ። እስክሪብቶ እንዲህ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይፈስሳል?

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። መጀመሪያ የነገርሽኝ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። መልክሽን ነገርኩት፣ ሳቅሽን ነገርኩት። እንዲህ ያለች ሴት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ብትሆን አልረሳትም ነበር አለኝ። ከዚያ በየጠዋቱ ትሳፈሪበት የነበረውን አውቶቡስ ያዝኩና እስከ መጨረሻው ሄድኩ። መጨረሻው ትልቁ ሆስፒታል ነው። ማንን ልጠይቅ? የሆስፒታል ሰው እንደሆነ አፉ የተሰፋ ነው። ጨረር ክፍል የሚለውን ቀስት እየተከተልኩ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ የአንዱ አንገት ላይ ያው ሐምራዊ መስመር አለ፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል። ደክሞኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

የላክሽልኝን ሹራብ ለብሼ ነበር፣ ቡናማውን፣ ኪሱ ትልቅ የሆነውን። በፖስታ ሲደርሰኝ መቼ ሠራችው ብዬ ገርሞኝ ነበር፤ እኔ ቤት አንድም ቀን ኪሮሽ ይዘሽ አላየሁሽም። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ራሷን በሻርፕ የሸፈነች ሴትዮ ትክ ብላ አየችኝ። ፊቴን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሹራቡን ነው። እጇን ዘርግታ እጅጌውን ዳሰሰችና «አለቀ እንዴ?» አለችኝ። «የቀኙ እጅጌ ሲሠራ እዚሁ ተቀምጬ አይቻለሁ። ኪሱን አሳንሺው ብላት፣ እህቴ ኪሷ ውስጥ የማታጭቀው ነገር የለም አለችኝ።»

ሴትዮዋም «ሳቂታዋ» እያለች ስላንቺ አወራችልኝ። ተራሽ ከእሷ ቀጥሎ ነበር አሉ። ለመግባት የሚፈራ ሰው ሲኖር አንቺ እያሳቅሽ ታስገቢው ነበር አሉ። ከዚያ ጥቂት ቀን ብቻ ሲቀርሽ ኪሮሽሽን ጠቅልለሽ ተነሳሽ። የት ትሄጃለሽ ስትልሽ «እህቴ ሳታውቅ ለደም ሰዎች አሳልፋ ሰጠችኝ፣ ደሜ ሳይናገርብኝ ልሂድ» አልሻት። ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በማግስቱም ቦታሽን በቦርሳዋ ይዛ ጠበቀችሽ።

እታለም፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሴትዮዋ ተጠርታ ገብታ ወጥታ አሁንም እዚያው ነበርኩ።

ለምን ደበቅሽኝ አልልሽም። እናታችን ስትታመም እኔን ምን እንዳልሽኝ አስታወስኩ። ገበያ ናት፣ እንግዳ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች እያልሽ አቆየሽኝ። ያኔ እግሬ ከወንበር ላይ ወለል የማይደርስ ልጅ ነበርኩ፤ ደግ አደረግሽ። አሁን ግን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ የሚንቋቋ ሴትዮ ሆኛለሁ። ከማን ነው የምትደብቂው?

ተመልሼ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። ያንቺን ስም አልጠራሁም። አንድ ሰው፣ አልኳት፣ አንድ የማውቀው ሰው ጨረሩን ጥቂት ሲቀረው ቢያቋርጥ ምን ይሆናል? እሷም ስምሽን አልጠራችም። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ሳያዩት እኔ ምንም አልልም፣ ግን ያ ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ይመለስ አለችኝ። ያ ሰው ደሙ ላይ ያየነው ስብራት ጨረሩ ያለፈበት ዱካ ስለሆነ በእሱ አይደንግጥ፣ ሐኪሞቹ ግን ለዓመታት ዓይናቸውን ከእሱ መንቀል የለባቸውም አለች። አልቋልም፣ ይድናልም አላለችኝም። ይመለስ ነው ያለችኝ። ሐኪሞቹ ጋ ራሷ አብራን ልትወርድ ቃል ገብታልኛለች፤ መነጽሯ ከጠፋባት እኔ አሳያታለሁ።

ደንግጫለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ታምኚኛለሽ፣ ደስም ብሎኛል። ዘግተሽብኝ የነበረው በር ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ደግሞ ያን ቀን ባላኮርፍ ኖሮ አንቺ ደምሽን አትሰጪም፣ እኔም እስከ ዛሬ ጥርሷ ተሻላት ወይ እያልኩ እኖር ነበር።

አሁን የምልሽን ስሚ። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሰጥቶሽ ሻይ ጠጥቶ ቁጭ ይላል፤ አታባርሪው፤ የሚመለሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን፣ የማያንገላታውን ወንበር ለማንም እንዳይሸጥ ነግሬዋለሁ። መስኮቱ ይከፈታል፤ ቢያቅለሸልሽሽ አየር ታገኛለሽ። ልብስ ብዙ አትያዢ፤ የእኔ ይሆንሻል፣ ድሮም የኔን መልበስ ትወጃለሽ። ኪሮሽሽን ግን እንዳትረሺ። ያቺ ሴትዮ ለራሷ ኮፍያ ትፈልጋለች፤ ቀለሙን ብትጠይቂኝ ደማቅ ይሁን ብላለች። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፤ ልጄ ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ለእሷ እንቅልፍ እስከሆነ ድረስ የትም ያው ነው። አግዳሚው ላይ አብሬሽ እቀመጣለሁ፤ አለቃዬ ያን ሽቶውን ብቻውን ያሽት።

ባለቤቴ ምንም አያውቅም። ጥርሷ አላለቀላትም፣ ሐኪሙ ትመለስ ብሏል ነው ያልኩት። ልጄም የምታውቀው ይህንኑ ነው። አንቺ ራስሽ እስክትናገሪ ድረስ ከአፌ አይወጣም፤ ወሬኛ ነኝ እንጂ ከዳተኛ አይደለሁም። ከፈለግሽ ለእኔም ጥርስ በይኝ። እኔም ጥርስ እልልሻለሁ። ግን ነይ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅልልሽ። የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርስሽን እየሳቅሽበት የምታረጂ ያድርግሽ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፊልኝ፤ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የሚል ወረቀት ይዞ ከመጣ ባለቤቴን ቤት አላስገባውም። መልሱን መናኸሪያ ቆሜ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ አየዋለሁ። ቡናማውን ሹራብ ለብሻለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ላንቺ የሚሆን ነገር አላጣም።

ካሁን በኋላ ጤነኛሽ፣
ታናሽ እህትሽ